ከማጥፊያ ወደ ጥበቃ
(ወባና የጨፋ ሜዳ፤ ስለ ሕዝብ ጤና ከታሪክ የምንማረው)

«ጤና ጥበቃ» የሚለውን ስም አፋችን ስለለመደው ምን እንደሚል ቆም ብለን አናዳምጠውም። ሚኒስቴሩ ለብዙ ዘመን የተጠራበት ይህ ስም ሕክምና አይልም፤ ጥበቃ ነው የሚለው። ጥበቃ ምን እንደሆነ ደግሞ ለቆላ ገበሬ አይነገረውም። ማሽላው ሲያሽት ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ የሚወጣ ልጅ፣ ወፉን አንድ ጊዜ አባርሮ ቤቱ ገብቶ አይተኛም። ወፉ ይመለሳላ!

የሕዝብ ጤና ትምህርት መሠረታዊ ሐሳቦች፣ ማለትም መከላከል፣ መቆጣጠር፣ ማጥፋት፣ ጤናን ማጎልበት የሚባሉት፣ በመማሪያ መጽሐፍ ሲነበቡ ደረቅ ትርጓሜዎች ይመስላሉ። በአንድ አገር ታሪክ ውስጥ ሲታዩ ግን ሥጋና ደም ይለብሳሉ። እኔ የታሪክ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁምና መንገዴ በታሪክ በኩል ነው። ቦታው ከሚሴና በዙሪያዋ ያለው የዛሬው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በሽታውም ወባ ይሁን። ለምን ወባ ቢባል፣ «አጠፋናት» ስንል የተመለሰች፣ ስትመለስም ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ አኗኗራችን የጠየቀችን እሷ ስለሆነች ነው።

፩. ሜዳውና ሰዉ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከሚሴ ይደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በምዕራብ በኩል ተራራው ሽቅብ ይወጣል፤ በምሥራቅ አገሩ ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል ይወርዳል። ከደሴ አካባቢ ደጋ የሚነሣው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ በጨፋ ሜዳ ላይ ተንጣሎ ወደ አዋሽ ያመራል። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት እርጥብ መስክ ነው፤ የሜዳውም ስም ከዚያው የወጣ ይመስላል። ክረምት የተኛው ውኃ በጋም ሣሩን አረንጓዴ አድርጎ ስለሚያቆየው፣ በደረቁ ወራት የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን ወደዚሁ ይነዳሉ። በባቲ የሰኞ ገበያ ደግሞ ከደጋ የወረደው አማራ፣ የአገሩ ኦሮሞና ከቆላ የወጣው አፋር እህሉንና ከብቱን፣ ጨውንና ጨርቁን ይዞ ይገናኛል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ውኃው፣ ሣሩ፣ ገበያውና መንገዱ የዚህ አገር ሀብት ናቸው። ለወባም ሀብቷ እነዚሁ ናቸው። ረግረጉ ትንኟን ያራባል፤ ሙቀቱ በትንኟ ሆድ ያለውን ጥገኛ ተሐዋሲ ቶሎ ያበስላል፤ ገበያውና መንገዱ ደግሞ በሽታውን በሰው ደም ውስጥ ተሸክሞ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ያደርሳል። በሽታው የሚበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህ ወቅት የአጨዳና የውቂያ ወቅት ነው። ገበሬው ሰብሉ ሲደርስ እሱ ይወድቃል። ስለዚህ ወባ የሰውነት ትኩሳት ብቻ አይደለችም፤ የጎተራም በሽታ ናት። የሕዝብ ጤና የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ሰው የሚታመመው ከሚኖርበት መሬት፣ ከሚሠራበት ወራትና ከሚበላው እንጀራ ጋር ተያይዞ ነው።

፪. አድራጎቱ ልክ፣ ምክንያቱ ስሕተት

አባቶቻችን ይህን ፈጽሞ አላወቁም ማለት ድፍረት ነው። «ንዳድ» ይሏት ነበር። ንዳድ በቆላ እንዳለች፣ በደጋ እንደሌለች ያውቃሉ። ከዚህም የተነሣ በብዙ የአገራችን ክፍል ቆላ ወርዶ ማረስ፣ ሲመሽ ደጋ ወጥቶ ማደር የተለመደ ነበር። ምክንያቱን ግን ለክፉ አየር፣ ለውኃው ወይም ለዛር ይሰጡት ነበር። በዚህ ፈረንጁም ከእኛ አይሻልም ነበር። «ማላሪያ» የሚለው የጣሊያን ቃል ትርጉሙ «ክፉ አየር» ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በ1889 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1897) በሕንድ አገር በትንኝ ሆድ ውስጥ ጥገኛ ተሐዋሲውን እስኪያገኝ ድረስ ዓለም ሁሉ አየሩን ሲከስስ ኖሯል። አስተላላፊዋ ትንኝ በይበልጥ የምትናከሰው በሌሊት ስለሆነ፣ ቀን አርሶ ማታ ተራራ የሚወጣው ገበሬ ምክንያቱን ባያውቅም ከንክሻዋ ይተርፍ ነበር።

ይህን የመሰለ ሌላም ምሳሌ አለን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው የኅዳር በሽታ፣ ማለትም ያ ታላቁ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ አዲስ አበባን ካጠቃ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆነ። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ኢንፍሉዌንዛ በጭስ አይባረርም፤ እንዲያውም ጭሱ ራሱ ሳንባ ይጎዳል። ነገር ግን አንድ ከተማ ሙሉ በአንድ ቀን «ይህ በሽታ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቴም ነው» ብሎ መጥረጊያ ማንሣቱ ቀላል ነገር ነው? ሳይንሱ ቢጎድለውም ኅብረቱ አልጎደለውም።

ከዚህ ላይ ኪኒንን ማንሣት ያስፈልጋል። ዛሬ ማናቸውንም የሚዋጥ መድኃኒት «ኪኒን» እንላለን። ቃሉ የመጣው ከወባ መድኃኒት ከኪኒን ነው። የመድኃኒቱ ሁሉ ስም ከአንዲት በሽታ መድኃኒት መውጣቱ ወባ በሕይወታችን ውስጥ የያዘችውን ሥፍራ ያሳያል። ሌላም ነገር ያሳያል፤ ጤና ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ከታመምን በኋላ የምንውጠው ነገር መሆኑን።

፫. የማጥፊያ ዘመን

ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያን የመታው የወባ ወረርሽኝ በአገራችን ከታወቁት ሁሉ የከፋ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህልም እንደሞተ ይገመታል። አስደንጋጩ ነገር የተነሣበት ቦታ ነው። ከለመደችው ቆላ ወጥታ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ወረረችው። በዚያ ዓመት ዝናቡና ሙቀቱ ከልክ አልፎ ነበር፤ የደገኛው ሰውነት ደግሞ በሽታውን አይቶት ስለማያውቅ መቋቋሚያ አልነበረውም። ደጋ ወጥቶ ማደር የሚያድንበት ዘመን ለጊዜው አበቃ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1947 ዓ.ም. ወባን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት ዘመቻ አውጆ ነበር። በአገራችንም በዚሁ አካባቢ ዓመታት የሙከራ ሥራ በአንዳንድ ሥፍራዎች ተጀምሮ ነበር፤ አንዱ በወሎ የቆቦ ሜዳ ነው። ከወረርሽኙ በኋላ በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ዲዲቲ በጀርባቸው የተሸከሙ ሠራተኞች በየመንደሩ እየዞሩ የቤቱን ግድግዳ ረጩ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ትንኟ ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፣ ስታርፍ ትሞታለች፣ ስትሞት ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ብዙ ሕይወትም ተርፏል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው።

ታዲያ ለምን አልጠፋችም? መልሱን እንደ ጨፋ ባለ አገር መፈለግ ይቻላል። አንደኛ፣ ግድግዳው ይለሰናል። ሴትዮዋ ቤቷ እንዲያምር በጭቃና በእበት በለሰነችው ጊዜ መርዙ ከሥር ይቀራል። ሁለተኛ፣ ከብት ተከትሎ ከሥፍራ ሥፍራ የሚሄደው አርብቶ አደር በሰሌን ቤት ያድራል፤ የሚረጨው ግድግዳ የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ ያ ማማ ላይ ያለው ጠባቂ እህሉን ከአሳማና ከጃርት ለማዳን ሌሊቱን ሜዳ ላይ ያድራል፤ ትንኟም እዚያው ትጠብቀዋለች። እህል ጠባቂው ራሱ ጠባቂ የለውም! አራተኛ፣ ትንኟ ውላ አድራ ዲዲቲን ለመደችው፤ በ2002 ዓ.ም. ገደማ አገራችን ዲዲቲን ተወች። ጥገኛ ተሐዋሲውም በበኩሉ ክሎሮኪንን ለመደ፤ መጀመሪያ በሌላ መድኃኒት ተተካ፣ ያም በ1996 ዓ.ም. በኮአርተም ተተካ።

እንግዲህ ዕቅዱ የተነደፈው ቋሚ ግድግዳ ላለው፣ ሌሊት ቤቱ ለሚያድር፣ ቦታ ለማይለቅ ሰው ነበር። የጨፋ ሰው ግን እንዲህ አይኖርም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1961 ዓ.ም. ወባን በየአገሩ በአንድ ጊዜ ማጥፋት እንደማይቻል ተቀብሎ መንገዱን ለወጠ፤ ማጥፋት ባልተቻለበት አገር መቆጣጠር ይቅደም አለ። የቃል ለውጥ ብቻ እንዳይመስለን። «ማጥፋት» ሲባል አንድ ቀን ጨርሰን እንሄዳለን ማለት ነው። «መቆጣጠር» ሲባል ግን እዚሁ ነን ማለት ነው።

፬. ፈንጣጣስ እንዴት ጠፋ?

«ይህ ሁሉ ሰበብ ነው፤ ፈንጣጣ ጠፍቶ የለም ወይ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጥያቄው የሚገባ ነው። በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ በባሌ ተገኘ። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያ በመርካ ከተማ የተገኘው በተፈጥሮ የተላለፈ ፈንጣጣ የዓለም የመጨረሻው ሆነ።

ልዩነቱ ይህ ነው። ፈንጣጣ ከሰው በቀር ማደሪያ የለውም፤ ትንኝም ረግረግም አያስፈልገውም። የታመመው ሰው ፊቱ ይናገራል፤ ያለ መሣሪያ ይለያል። ክትባቱም ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ስለዚህ የታመመውን ፈልጎ፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ከትቦ፣ በሽታውን ባለበት መክበብ ተቻለ። ሕዝባችንም ለክትባት እንግዳ አልነበረም፤ ዘመናዊው ሕክምና ከመምጣቱ በፊት ከታማሚ ቁስል ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ መክተብ በአገራችን ይታወቅ ነበር፤ ምንም እንኳ አንዳንዴ በሽታውን ራሱን ቢያስፋፋም። ወባ ግን በትንኝ፣ በውኃ፣ በአየር ጠባይ፣ በሰው እንቅስቃሴና በድህነት መካከል የምትኖር ናት። የፈንጣጣን ድል አይቶ በወባ ላይ ያንኑ መሣሪያ መመኘት፣ አውድማ ላይ ለመውቂያ የያዙትን ዱላ ለማረሻ እንደመፈለግ ነው።

፭. የመከላከል ደረጃዎችና የኅዳር 12 ቀን

የሕዝብ ጤና ሰዎች መከላከልን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። በጨፋ ሜዳ እንየው። የመጀመሪያው፣ ሰው ሳይታመም ነው፤ አጎበር ዘርግቶ መተኛት፣ የተኛ ውኃ ማፋሰስ፣ ቤት መርጨት። ሁለተኛው፣ በሽታው እንደጀመረ ነው፤ ያተኮሰውን ልጅ በዕለቱ ደሙን አስመርምሮ ማሳከም። ሦስተኛው፣ በሽታው ከጠና በኋላ ነው፤ ወደ አንጎል የወጣባትን ልጅ ከሞት ማዳን፣ ደም ያነሳትን ነፍሰ ጡር መደገፍ። ወደ ሦስተኛው በሄድን መጠን ወጪው ይበዛል፣ የሚተርፈውም ሰው ያንሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ይለዋል።

ይህ አስተሳሰብ በአገራችን ትምህርት ቤት የተከፈተለት በ1947 ዓ.ም. ነው። በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ እልቂት ካስከተላቸው ነገሮች አንዱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መቋቋም ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያን በአንድነት አሠልጥኖ እንደ አንድ ቡድን ወደ ገጠር ላከ። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ሥራው ውኃን፣ መጸዳጃንና ቆሻሻን መመልከት ነበር።

ከጳጉሜን 1 ቀን 1970 እስከ መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ዓመት ሲለወጥ፣ በሶቪየት ኅብረት በአልማ አታ የተሰበሰበው ጉባኤ ጤና ለሁሉም የሚዳረሰው ሕዝቡ ራሱ በሚሳተፍበት የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ነው አለ። ከስምንት ዓመት በኋላ በካናዳ በኦታዋ የተሰበሰበው ጉባኤ ደግሞ ጤናን ስለ ማጎልበት ቻርተር አወጣ። ቻርተሩ አምስት ነገር ይጠይቃል፤ ጤናን ያገናዘበ የመንግሥት ፖሊሲ፣ ለጤና የሚመች አካባቢ፣ የማኅበረሰቡ የጋራ ሥራ፣ የእያንዳንዱ ሰው ዕውቀትና ችሎታ፣ ከማከም ወደ መከላከል የዞረ የጤና አገልግሎት። ይህ ሰነድ የጸደቀበት ቀን እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1986 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ስንት ቀን ነው ቢባል ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው! የኦታዋ ሰዎች ኅዳር ሲታጠን አያውቁም፤ አጋጣሚ ነው። ቢሆንም ነገሩ ይገርማል። እኛ በዚያን ቀን ደጃፋችንን ስንጠርግ ኖረናል፤ እነሱ በዚያው ቀን ጤና ከሆስፒታል ደጃፍ ውጭ እንደሚሠራ ጻፉ።

፮. ባቲ፣ 1977 ዓ.ም.

ጤና ከሆስፒታል ውጭ እንደሚሠራ፣ እዚያውም እንደሚፈርስ፣ ባቲ በ1977 ዓ.ም. በመራር መንገድ አሳይታለች። በዚያ ዓመት ረኃብ የወሎን ሕዝብ ከቀዬው ሲያፈልሰው ከታላላቆቹ መጠለያዎች አንዱ በባቲ ነበር። እንዲህ ባለ መጠለያ ሰውን የሚፈጀው የምግብ እጦት ብቻ አይደለም። የተራበ ሰውነት ኩፍኝን አይቋቋምም፤ በተጨናነቀ ድንኳን ቅማል ተስቦን ያዛምታል፤ መጸዳጃ በሌለበት ተቅማጥ ሕፃናትን ይጨርሳል። ሐኪሙ ሌት ተቀን ቢለፋ የሚያክመው የመጨረሻውን ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ዝናብ፣ እርሻ፣ ጦርነት፣ መንገድና አስተዳደር ነው። እህል በጊዜ የደረሰበት መንደር ሰው መጠለያ አይገባም፤ መጠለያ ያልገባ ሕፃን ደግሞ በመጠለያ ኩፍኝ አይያዝም። በዚህ ሚዛን ሲታይ የእህል ጎተራም የጤና ተቋም ነው።

፯. ቋንቋና ቅሬ

ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተዘረጋ። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ፤ በመላው አገር ከ30,000 በላይ ሠለጠኑ። አጎበር በሚሊዮን ተከፋፈለ፤ የወባ ሞትም በእጅጉ ቀነሰ። የተሳካበት ምክንያት በእኔ እምነት ግልጽ ነው። ያቺ ሠራተኛ የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ቤት ለቤት ትሄዳለች፣ ቡና ትጠጣለች፣ የማን ልጅ እንዳተኮሰው ከመዝገብ በፊት ታውቃለች። ደግሞም የሰዉን ቋንቋ ትናገራለች። በከሚሴ ዙሪያ «ወባ» የምትባለው በብዙ ቤት «ቡሳ» ናት። ለረጅም ዘመን የጤና ትምህርት በአማርኛ ብቻ ሲሰጥ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዋ እናት የሰማችው ትእዛዝ እንጂ ምክር አልነበረም። ባልገባ ቃል የተነገረ ምክር ባዕድ ሆኖ ይቀራል።

ወሎ ውስጥ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን «ቅሬ» ይሉታል። ሰው ሲሞት ቅሬው ይወጣል፤ መቃብር ይቆፍራል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል፤ ክርስቲያን እስላም ሳይል ይተባበራል። ሥራ ሲበዛ ደግሞ ጅጌ ይጠራል። እንግዲህ ማኅበረሰቡን ማደራጀት የሚባለውን ከውጭ መማር የለብንም። ቅሬ ሬሳ ሲወጣ የሚሰበሰብ ኅብረት ነው፤ የሕዝብ ጤና ደግሞ ሬሳ እንዳይወጣ የሚሰበሰብ ቅሬ ነው። መቃብር የሚቆፍረው እጅ የውኃ ማፋሰሻም ይቆፍራል፤ የሚጎድለው ቀድሞ መጥራት ብቻ ነው።

፰. ተመላሿ

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከመጀመሪያው እስከ ጥቅምት ወር ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወባን ከአገር ስለ ማስወገድ ይነገር ነበር! ጦርነትና ግጭት የጤና ተቋማትን ጎድቷል፣ ሠራተኛውን አፈናቅሏል፤ የአየር ጠባዩም ተለውጧል። ጠባቂው ከማማው ሲወርድ ወፉ ተመለሰ።

በዚህ ላይ አዲስ ትንኝ መጥታለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ ከእስያ የመጣች ናት። በአገራችን መጀመሪያ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በተደረገ ጥናት ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ ይህችው የእኛዋ ባቲ ናት። የዚህች ትንኝ ጠባይ ልዩ ነው። ረግረግ አትፈልግም፤ ከተማ ትወዳለች፤ በበርሜል፣ በሮቶና በገንዳ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ትራባለች።

ሰው ለምን ውኃ በበርሜል ያጠራቅማል? ቧንቧው ስለማይመጣ ነው። ስለዚህ የባቲ ሴት «በርሜልሽን ክደኚ» ስትባል ምክሩ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ምክር ነው። ሌላው ግማሽ የሚነገረው ለእሷ አይደለም፤ ውኃውን በየቀኑ ማድረስ ለሚገባው ክፍል ነው። ጤናን ማጎልበት የሚለው ሐሳብ ከተራ የጤና ስብከት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ስብከት ሰውዬውን «ጠንቀቅ በል» ይለዋል። ጤናን ማጎልበት ግን ሰውዬው መጠንቀቅ እንዲችል አገሩን ያስተካክላል።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ድምር ይህ ነው። ጨፋ ላይ ወባን ያሸነፈ አንድ መሣሪያ የለም፤ ኪኒኑም፣ ዲዲቲውም፣ አጎበሩም እያንዳንዳቸው ለጊዜው ረድተው፣ ብቻቸውን ሲቀሩ ደክመዋል። ያልደከመው የብዙ እጅ ያልተቋረጠ ሥራ ነው፤ የውኃ መሐንዲሱ፣ የቋንቋ መምህሩ፣ የቅሬው ዳኛ፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ገበሬው። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ያለን ተማሪዎችም «ጤና የሐኪሞች ጉዳይ ነው» ብለን ገለል የምንልበት ምክንያት የለም። የሕግ ተማሪው የውኃ መብትን ያጥና፤ የምሕንድስና ተማሪው ማፋሰሻውን ያስብ፤ የቋንቋ ተማሪው የጤና ምክሩን ሰዉ በሚሰማው ኦሮምኛ፣ አፋርኛና አማርኛ ይጻፍ፤ የታሪክ ተማሪው ደግሞ «ጠፋች» በተባለ ቁጥር የባለፈውን ያስታውስ። ማሽላው ገና አላለቀም፤ ማማው ላይ ተራ እንግባ።